8.5 በ24 ዝግ የመኪና ተሳቢ፦ ከጆርጂያ ፋብሪካ እስከ ቨርጂኒያ በግማሽ ቶን ፒክአፕ

በደቡብ ጆርጂያ፣ ዳግላስ፣ ፒርሰንና ፊትዝጀራልድ በሚባሉት ትናንሽ ከተሞች ዙሪያ ዝግ ተሳቢ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ተጠጋግተው ይገኛሉ። ዋጋቸው ስለሚስብ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ድረስ ፒክአፑን አስነስቶ የሚሄድ ገዢ አለ። መኪና ከጨረታ እያወጣ የሚሸጠው፣ የድግስ ድንኳንና ወንበር የሚያመላልሰው የኛ ሰውም ከነዚህ መሀል ነው። እዚህ የምንገመግመው ለአንድ መኪና በብዛት የሚመረጠውን ልክ ነው፦ 8.5 ጫማ ስፋት፣ 24 ጫማ ርዝመት፣ ሁለት አክስል፣ ወደ ኋላ ተዘርግቶ መወጣጫ የሚሆን በር፣ ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት 9,990 ፓውንድ። የሚጎትተው ደግሞ ብዙ ሰው ደጅ ላይ የሚቆመው ግማሽ ቶን ፒክአፕ ነው፤ እንደ ፎርድ ኤፍ-150 ያለው።

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። ተሳቢው ለገንዘቡ ደህና ዕቃ ነው። ባዶውን ወደ ቤት ማምጣትም በትክክል ለተዘጋጀ ግማሽ ቶን ፒክአፕ ከባድ አይደለም። ችግር የሚመጣው «11,000 ፓውንድ ይጎትታል» የሚለውን የማስታወቂያ ቁጥር ብቻ ይዞ በሚሄድ ሰው ላይ ነው። ለዚህ ሥራ የሚወስኑት ሁለት ትናንሽ ተለጣፊዎች ናቸው፤ አንዱ የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ፣ ሌላው ከኋላ ሂቹ (ተሳቢው የሚያያዝበት ብረት) የሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ይገኛል።

መጀመሪያ ግን የተሳቢው አክስል። ያው 24 ጫማ ሳጥን በሁለት ዓይነት ይሸጣል፤ በሁለት ባለ 3,500 ፓውንድ አክስል፣ ጠቅላላ 7,000፣ ወይም በሁለት ባለ 5,200 አክስል፣ ጠቅላላ 9,990። ርካሹ ዓይን ይስባል፤ አትግዙት። ሳጥኑ ባዶውን ወደ 3,800 ፓውንድ ከመዘነ ለጭነት የሚተርፈው 3,200 ነው። አንድ ቶዮታ ካምሪ ደግሞ እንደ ዓመቱና እንደ ሞተሩ ከ3,300 እስከ 3,600 ይደርሳል። መኪና መጫኛ ተብሎ ተሽጦ ካምሪ የማይጭን ተሳቢ ማለት ነው። ባለ 5,200ው ባዶውን ወደ 4,200 ይመዝናል፤ 5,790 ፓውንድ ይተርፈዋል። ካምሪውን፣ አርኤቪ4ንና አብዛኛውን ፎርራነር ያለ ጭንቀት ይሸከማል። ላንድክሩዘር 200 ግን ብቻውን ወደ 5,800 ስለሚጠጋ ከዚህ ተሳቢ አቅም ያልፋል፤ የሚጎትተው ፒክአፕም ግማሽ ቶን መሆን የለበትም።

አሁን ወደ በሩ ምሰሶ። ቢጫና ነጩ ተለጣፊ ላይ የሰዎችና የጭነት ክብደት በአንድ ላይ ከዚህ አይለፍ የሚል ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 1,600 ፓውንድ እንበል። ተሳቢ ሲጎተት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው ፒክአፑ ላይ ማረፍ አለበት፤ ሹፌሮች ታንግ ዌይት የሚሉት ይህንን ነው። ከ10 በታች ከሆነ ተሳቢው ጭራውን ይወዘውዛል፣ በጣም ከበዛ የፒክአፑ ኋላ ይቀመጥና መሪው ይቀላል። 4,200 ተሳቢ፣ 3,400 መኪና፣ 300 ፓውንድ ማሰሪያና መሣሪያ ሲደመር 7,900 ይሆናል፤ 12 በመቶው 950 ገደማ ነው። ክብደት አከፋፋዩ ሂች፣ ማለትም ሂቹ ላይ ያረፈውን ክብደት በብረት ዘንጎች ወደ ፒክአፑ ፊት ጎማዎችና ወደ ተሳቢው አክስሎች የሚያካፍለው፣ ራሱ ወደ 100 ፓውንድ አለው። ሁለት ሰው በ180 ሂሳብ 360። ድምሩ 1,410 ስለሆነ የተረፈው 190 ፓውንድ ብቻ ነው። የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ልጅ፣ ሻንጣና የውኃ ካርቶን ሲጨመር ቁጥሩ አለቀ። ፒክአፑ ግን ገና 3,000 ፓውንድ መጎተት የሚችል መስሎ ይታያል። የቆዳ ወንበርና ትልቅ የጣሪያ መስኮት ያላቸው ውድ ሞዴሎች ላይ ይህ ቁጥር ከ1,400 በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ የሞዴሉን ብሮሹር ሳይሆን የራሳችሁን በር ክፈቱና አንብቡ።

ሁለተኛው ተለጣፊ ከኋላ ነው። በብዙ ግማሽ ቶን ፒክአፖች ላይ ክብደት አከፋፋይ ሳይገጠም የሚፈቀደው 5,000 ፓውንድ ተሳቢና 500 ፓውንድ ታንግ ዌይት ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ትልቅ ቁጥር የሚሠራው አከፋፋይ ሂች ሲገጠም ብቻ ነው። ባዶው ተሳቢ ራሱ ከ420 እስከ 630 ፓውንድ ሊያሳርፍ ይችላል፤ በተለይ አፍንጫው ሾጣጣ ሆኖ ውስጡ የመሣሪያ ቁም ሳጥን የተሠራለት ከሆነ። እንግዲህ «ባዶ ነው፣ በተራ ቦል አመጣዋለሁ» (ቦል ሂቹ ላይ ያለው የብረት ኳስ ነው) የሚል ሰው ገና ከሻጩ ግቢ ሲወጣ የተፈቀደውን ወሰን ሊያልፍ ይችላል። አከፋፋዩን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ጋ ቢኖርም ለእናንተ ክብደት የሚሆነው ላይኖር ይችላል። ደረጃው 1,000 ፓውንድ የሆነውን ትታችሁ 1,200 ያለውን ምረጡ፤ ምክንያቱም ከታንግ ዌይቱ ሌላ ከኋላው አክስል በስተኋላ ፒክአፑ ላይ የተጫነ ዕቃም በስሌቱ ይገባል። ከመሄዳችሁ በፊት ሻጩን የተሳቢውን ምላስ (ከሳጥኑ ፊት ወደ ሂቹ የሚዘረጋውን) ብረት ቁመትና ውፍረት፣ የክሪኩንም ቦታ ለክቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። የአከፋፋዩ ማያያዣ ብረቶች የማይገጥሙበት ምላስ አለ፤ ይህን ግቢው ውስጥ ማወቅ ቀን ያቃጥላል።

ቦሉ 2-5/16 ኢንች መሆን አለበት፤ ቁጥሩ ራሱ ቦሉ አናት ላይ ተቀርጿል። የ2 ኢንች ቦል በዚህ ተሳቢ ካፕለር (ቦሉን በሚጎርሰው የምላስ ጫፍ) ውስጥ ይገባል፣ መቆለፊያውም የተዘጋ ይመስላል፣ የመጀመሪያው ጎርባጣ መንገድ ላይ ግን ተስፈንጥሮ ይወጣል። የ1-1/4 ኢንች እግር ያለው ቦል ዳዶ የሚጠብቀው በ450 ፉት-ፓውንድ ገደማ ነው፤ ይህ በተራ መፍቻ የሚደረስበት ስላልሆነ አንድ ጋራዥ በማሽን አጥብቆ ይስጣችሁ።

ግቢው ስትደርሱ ቀሪውን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ሰው ተሳቢው ውስጥ ይግባና በሮቹ ይዘጉበት። መብራት አጥፍቶ ጣሪያውንና ማዕዘኖቹን ይመልከት። ብርሃን በሚገባበት ዝናብ ይገባል። የሚያፈሱት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የጣሪያው ነፋስ ማስገቢያ ዙሪያ፣ ከላይ ያሉት ትናንሽ መብራቶች ሽቦ የሚገባበት ቀዳዳ፣ የጣሪያውና የግድግዳው መጋጠሚያ። ጣሪያው ከአንድ ወጥ አሉሚኒየም የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። የጎን ቆርቆሮው ውፍረት 0.030 ከሆነ ጥሩ ነው፤ 0.024ው ፀሐይ ሲመታው ይሞገዳል፣ ትንሽ ነገር ሲነካውም ይጎደጉዳል። ከዚያ ከሥር ግቡ። ተሸካሚ ብረቶቹ በየ16 ኢንች መሆን አለባቸው፤ በየ24 የተዘረጋ ወለል ላይ የመኪና ጎማ ሲቆም ባለ 3/4 ኢንቹ ፕላይውድ ይረግባል። የማሰሪያ ቀለበቶቹ ከወለሉ ሥር በብረት ላይ የታሰሩ ናቸው ወይስ ፕላይውዱ ላይ ብቻ? የሁለት ኢንች ራቼት ማሰሪያ የሥራ አቅሙ 3,333 ፓውንድ ነው፤ በእንጨት ላይ ብቻ የተሰካ ቀለበት ግን በአደገኛ ፍሬን ጊዜ ከነቡሎኑ ይነቀላል። ይህ ጉድለት ከታየ ሳይታረም አትውሰዱት፣ በፍጹም።

መወጣጫውን በሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ዘርጉትና መልሱት። የሚያነሳው ስፕሪንግ ግራና ቀኙ እኩል ካልተወጠረ በሩ ተጣሞ ይዘጋል፣ ላስቲኩም አያሽግም። ባለ 4,000 ፓውንድ መወጣጫ ለካምሪ ይበቃል፤ ፎርራነር የምትጭኑ ከሆነ ገና ስታዙ የተጠናከረውን ጠይቁ። አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ውስጡ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወደ 97 ኢንች ነው፣ ካምሪ 72 ኢንች ስፋት አለው። መሀል ላይ ሲቆም በየጎኑ 12 ኢንች ተኩል ይቀራል፣ እዚያ ላይ የጎማው ሳጥን ከወለሉ ወጥቶ የመኪናውን በር ይከለክለዋል። ሹፌሩ ከመኪናው መውጣት አይችልም ማለት ነው። ስለዚህ በሹፌሩ በኩል የሚከፈተው ትልቁ የጎን መውጫ፣ ከተቻለም ከሚነሳ የጎማ ሳጥን ጋር፣ ገንዘብ ከሚወጣባቸው አማራጮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። የውስጥ ከፍታን ከ6 ጫማ ተኩል ወደ 7 ማሳደግ ግን ለግማሽ ቶን ፒክአፕ አይመከርም። ስድስት ኢንች ሲጨመር ነፋስ የሚመታው ፊት ከ4 ካሬ ጫማ በላይ ይሰፋል፤ የፒክአፕ አምራቾችም በመጎተቻ መመሪያቸው ለዚህ ፊት ወሰን ያስቀምጣሉ። 8.5 ጫማ ስፋት ያለው ሳጥን 60 ካሬ ጫማ አካባቢ ስለሆነ ወሰኑ ላይ ነው ያለው።

ጎማ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስጡ፤ አዲስ ተሳቢ ተበላሽቶ መንገድ ላይ የሚያስቀረው ሞተር የለውምና የሚያስቀሩት ጎማና ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ናቸው። በዚህ አክስል ላይ በብዛት የሚገኘው ኤስቲ 225/75 አር 15 ነው፤ ኤስቲ ማለት ለተሳቢ የተሠራ ጎማ ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ግፊት አንብቡና ጎማው ሳይሞቅ እስከዚያ ሙሉት፤ ሎድ ሬንጁ (የጭነት ደረጃው) ዲ ከሆነ 65 ፒኤስአይ፣ ኢ ከሆነ 80። አዲስ ነው ብሎ ማመን ዋጋ ያስከፍላል፤ በ40 ፒኤስአይ ግቢ ውስጥ የቆመ ጎማ በዓይን ሲያዩት ሙሉ ይመስላል። 80 የሚሞላ ከሆነ የነፋስ መግቢያው ተራ ላስቲክ ሳይሆን ለከፍተኛ ግፊት የተሠራ ወይም ብረት መሆን አለበት። የተመረተበት ጊዜ በአራት አሃዝ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። መለዋወጫ ጎማ ከዋጋው ጋር ላይገባ ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የፒክአፑ መለዋወጫ ለተሳቢው አይሆንም።

የጎማው ዳዶዎች በቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያ ኃይሉን በሚለካ መፍቻ፣ ይጠብቁ። በግማሽ ኢንች ቡሎንና በ15 ኢንች ቸርኬ ላይ ዴክስተር የተባለው አክስል አምራች በሦስት ዙር እንዲጠብቅ ያዛል፦ መጀመሪያ ከ20 እስከ 25፣ ቀጥሎ ከ50 እስከ 60፣ በመጨረሻ ከ90 እስከ 120 ፉት-ፓውንድ፣ ሁልጊዜም በተቃራኒ ኮከብ ቅደም ተከተል። ከዚያ ከ10፣ ከ25 እና ከ50 ማይል በኋላ እንደገና ይፈተሻል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቸርኬውና ሞዞው መካከል ያለው ቀለም ሲነዳ ይደቆሳል፣ ዳዶው ሳይዞር ውጥረቱ ይረግባል። በአዲስ ተሳቢ ላይ ጎማ የሚወልቀው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የ13/16 ኢንች ቡሽ ነው የሚያስፈልገው፣ 3/4ኛም ጨምራችሁ ያዙ።

ኤሌክትሪኩ በሰባት ፒን ሶኬት ይመጣል። የፊት መብራት አብርታችሁ ፍሬቻና ፍሬን አንድ ላይ ሞክሩ፤ ፍሬቻው ሲበራ ሌላው መብራት ከደበዘዘ ነጩ የመሬት ሽቦ በደንብ አልተያያዘም ማለት ነው። ቀለሙ ተቀብቶ ሽቦው በቀለሙ ላይ ከተጠበቀ ይህ ይከሰታል፤ ቡሎኑን ፈትቶ ብረቱን ፍቆ መልሶ ማጥበቅ ነው መድኃኒቱ። ሰማያዊው ሽቦ የፍሬኑ ነው። በየጎማው ፍሬን ውስጥ ያሉት አራቱ ማግኔቶች እያንዳንዳቸው 3 አምፔር ገደማ ስለሚወስዱ በአምፔር መለኪያ በጠቅላላው ወደ 12 አምፔር መታየት አለበት። 9 ካነበባችሁ አንድ ጎማ ፍሬን የለውም።

ብሬክአዌይ የሚባለው ትንሿ ሳጥን ተሳቢው ከፒክአፑ ቢለያይ በራሱ ባትሪ ፍሬን የሚያስይዘው ነው። ሶኬቱን ከፒክአፑ ነቅላችሁ ፒኑን ሳቡት፣ ተሳቢውን ትንሽ ወደፊት ለመጎተት ሞክሩ፤ ጎማዎቹ መያዝ አለባቸው። ቶሎ ፒኑን መልሱት፣ አለዚያ ባትሪው ያልቃል። ገመዱ የሚታሰረው ፒክአፑ ላይ ራሱን በቻለ ቦታ እንጂ በሂቹ መሳቢያ ብረት ወይም በሰንሰለቱ ላይ አይደለም፤ ሂቹ ራሱ ተነቅሎ ቢወጣ ገመዱም አብሮት ይሄድና ፒኑ ሳይሳብ ይቀራል።

መጋጠም ላይ አንድ ሜትር ብቻ ይዛችሁ ትክክለኛ ሥራ መሥራት ትችላላችሁ። ተሳቢው ሳይያያዝ ከመሬት እስከ ፊት ጎማው መከለያ ጠርዝ ለኩ፤ 38 ኢንች ነው እንበል። ቦሉ ላይ አውርዱትና የአከፋፋዩን ዘንጎች ሳትወጥሩ ለኩ፤ የፒክአፑ አፍንጫ ስለሚነሳ 39 ይሆናል። ዘንጎቹን ስትወጥሩ መመለስ አለበት። የፎርድ መመሪያ ለኤፍ-150 የሚለው የሁለቱን ልኬት መካከል ነው፣ ማለትም 38 ተኩል። ሙሉ በሙሉ 38 ድረስ መመለስ ከኋላ ጎማዎቹ ብዙ ክብደት ስለሚያነሳ መንሸራተት ያመጣል። ሌላ ፒክአፕ ያለው የራሱን መመሪያ ይከተል። ካፕለሩ ከተቆለፈ በኋላ በምላሱ ክሪክ ተሳቢውን ወደ ላይ ግፉት፤ የፒክአፑ ኋላ አብሮ ከተነሳ ቦሉ በትክክል ተይዟል፣ ካፕለሩ ብቻውን ከተነሳ አልተያዘም። ሰንሰለቶቹ ከምላሱ ሥር በመስቀል ይተላለፉ፣ ተሳቢው ቢወድቅ እንዲቀበሉት። በመጨረሻ ከጎን ቆማችሁ እዩ፤ ሳጥኑ ከመሬት ጋር እኩል መሆን አለበት። አፍንጫው ወደ ላይ ካየ የሂቹን መውረጃ ለውጡ፤ አለዚያ ክብደቱ ወደ ኋላ አክስል ይሄዳል፣ በተለይ በስፕሪንግ ፋንታ ላስቲክ ባለው ቶርሽን አክስል ላይ።

ከዳግላስ ወደ ሰሜን አይ-16ን እስክትይዙ ድረስ ያለው መንገድ ለአዲስ ተሳቢ የተመቸ ነው። ከሃይዌይ በፊት የ10፣ የ25 እና የ50 ማይሉን የዳዶ ፍተሻ እዚያው ትጨርሳላችሁ። ፍሬኑንም እዚያ አለማምዱት። አዲስ የፍሬን ሸራ ከታምቡሩ ጋር ስላልተላመደ በመጀመሪያ ላይ ደካማ ነው። ከኋላችሁ መኪና በሌለበት ቦታ በ40 ማይል እየሄዳችሁ በፒክአፑ ላይ ያለውን የተሳቢ ፍሬን ማንሻ ብቻ በመያዝ ወደ 20 አውርዱት፤ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል፣ በየመሀሉ እንዲቀዘቅዝ ጊዜ እየሰጣችሁ። ኮንትሮለሩን (የተሳቢውን ፍሬን ኃይል የሚወስነውን መሣሪያ) ስታስተካክሉ በ20 ወይም 25 ማይል ማንሻውን ሙሉ ለሙሉ ያዙ፤ የተሳቢው ጎማ ከተቆለፈ ቀንሱ፣ የሚጎትት ስሜት ከሌለው ጨምሩ፣ ሊቆለፍ ትንሽ ሲቀረው ተዉት። መኪና ስትጭኑ ይህ ቁጥር እንደገና መነሳት አለበት። በባዶው የተስተካከለ ፍሬን 8,000 ፓውንድን በቂ ሆኖ አያቆምም።

እያንዳንዱ ፌርማታ ላይ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የአራቱንም ሞዞ ሙቀት አንብቡ። ዋናው ቁጥሩ ሳይሆን ልዩነቱ ነው፤ ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ከበለጠ ኩሽኔታው ተጨንቋል ወይም ፍሬኑ አልተለቀቀም። ጎማው ሞቆ ግፊቱ ከፍ ቢል ነፋስ አታስወጡ።

ጠቅላላው መንገድ እስከ ሰሜን ቨርጂኒያ ወደ 700 ማይል ነው፤ ከሳቫና በኋላ ሁሉም በአይ-95 ላይ። ፍጥነታችሁን 60 እና 65 መካከል ያዙ። የኤስቲ ጎማ ጎኑ ላይ ያለውን የፍጥነት ፊደል እዩ፤ ጄ ከሆነ ወሰኑ 62 ማይል ነው፣ ኤል 75፣ ኤም 81። ባዶ ዝግ ተሳቢ ከተጫነው ይልቅ ለነፋስ ይጋለጣል፤ ጎኑ እንደ ሸራ ነው፣ የሚያረጋው ክብደት ደግሞ የለውም። ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፋችሁ መጀመሪያ ወደ ውጭ ይገፋችኋል፣ ካለፈ በኋላ ወደ ራሱ ይስባችኋል፤ መሪውን አጥብቆ በመያዝ ሳይሆን በትንሽ እርማት እለፉት። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ሳንቲ አጠገብ መንገዱ የሜሪየን ሐይቅን በድልድይ ሲሻገር የሚከልል ዛፍ የለም፣ የጎን ነፋስ ባለበት ቀን ከመግባታችሁ በፊት ቀንሱ። ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ የፒክአፑን ፍሬን አትርገጡ፣ መሪውንም ለማረም አትሞክሩ። እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በማንሻው ያዙት። ከዚያ ወጥታችሁ ምክንያቱን ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ የቀለለ አፍንጫ፣ ያልተወጠረ አከፋፋይ ወይም ነፋስ የጎደለው ጎማ ነው።

ነዳጅ በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ይሄዳል፤ ባዶም ሆነ ሙሉ ብዙ አይለያይም፣ የሚበላው ክብደቱ ሳይሆን ነፋሱ ነውና። 26 ጋሎን ታንክ በ9 ሂሳብ 234 ማይል ይሰጣል፤ 180 ሲሞላ ቁሙ። የቤንዚን ፒክአፕ በትልልቆቹ ማቆሚያዎች ወደ ናፍጣ መስመር መግባት ስለማይጠቅመው፣ ለካምፕ መኪናዎች የተለየ መስመር ያላቸውን ምረጡ፤ ፒክአፑና ተሳቢው በአንድ ላይ ወደ 50 ጫማ ስለሚሆኑ ተራ ማደያ ውስጥ መውጫ ልታጡ ትችላላችሁ። ተሳቢው 102 ኢንች ስፋት ስላለው የፒክአፑ ተራ ስፖኪዮ ጎኑን እንጂ ኋላውን አያሳይም፤ ማስረዘሚያ ግዙ። በፍሬድሪክስበርግ በኩል ከሰዓት በኋላ ላለማለፍ ሰዓታችሁን አስቡ፤ በቆመ ትራፊክ ውስጥ መስመር መቀየር ከባዱ ሥራ ነው።

በዋጋ ሲታይ፣ ፒክአፑ ያለ ተሳቢ ሲሄድ በጋሎን 20 ማይል ሂሳብ 35 ጋሎን፣ ሲመለስ በ9 ሂሳብ 78 ጋሎን፣ በድምሩ 113 ጋሎን ይሆናል። ይህን በዕለቱ ዋጋ አባዙት፣ የአንድ ሌሊት ሆቴል ጨምሩና ሻጩ በማይል ከሚጠይቀው ማድረሻ ጋር አወዳድሩ። አከፋፋይ ሂችና ብሬክ ኮንትሮለር ቀድሞ ላለው ሰው ራሱ ሄዶ ማምጣት ያዋጣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉድለቱን እዚያው ያሳርማል። የሌለው ግን ያስመጣው።

ወረቀት ላይ፣ ከፋብሪካው የሚሰጠው የመነሻ ሰርተፍኬት፣ የሽያጭ ደረሰኝና ተሳቢው ላይ ያለው 17 አሃዝ መለያ አንድ መሆናቸውን ቁጥር በቁጥር አስተያዩ፤ ጠቅላላ ክብደቱም 9,990 ተብሎ በሁሉም ላይ ይጻፍ። ጊዜያዊ ሰሌዳ ማን እንደሚሰጥ ከጉዞው በፊት የግዛታችሁን ዲኤምቪ ጠይቁ። ኢንሹራንሳችሁም ተሳቢው ራሱ ቢጎዳ ይከፍል እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጥላችሁ። በክፍያ መኪና የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ 9,990 የሚለው ቁጥር አይከላከልላችሁም፤ የፒክአፑና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ ከ10,001 ፓውንድ ስለሚያልፍ ለንግድ ግዛት ስትሻገሩ የዩኤስዶት (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር ያስፈልጋል። ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) ግን አያስፈልግም፤ ድምሩ ከ26,001 በታች ነው።

የመጀመሪያውን መኪና ስትጭኑ ቦታውን በኢንች ለኩ። ከካፕለሩ እስከ አክስሎቹ መሀል ወደ 18 ጫማ ነው። 3,400 ፓውንድ መኪና አንድ ጫማ ወደፊት ሲሄድ ሂቹ ላይ 190 ፓውንድ ገደማ ይጨምራል፣ ስድስት ኢንች 95። ከላይ ባሰላነው ፒክአፕ ላይ የተረፈው ቁጥር ራሱ 190 ስለነበር፣ አንድ ጫማ መሳሳት ሁሉንም ይበላዋል። አብዛኛው መኪና ሞተሩ ከፊት ስለሆነ በአፍንጫው ይገባል፣ የክብደቱ መሀልም ከአክስሎቹ ትንሽ ቀደም ብሎ ይቆማል። አራቱንም ጎማ አስራችሁ ወደ ካት ስኬል (በጭነት መኪና ማቆሚያዎች የሚገኝ ሚዛን) ሂዱ። የአከፋፋዩ ዘንጎች ሳይወጠሩ የሚወሰዱት ሦስቱ ንባቦች፣ የፊት አክስል፣ የኋላ አክስልና የተሳቢው አክስሎች፣ ፒክአፑ ብቻውን ከተመዘነው ጋር ሲነጻጸሩ ትክክለኛውን ታንግ ዌይት ያወጡላችኋል። መኪናው የቆመበትን ቦታ ወለሉ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ለሌላ ሞዴል ሌላ ቀለም።

200 ማይል ከሞላ በኋላ የፍሬኑን ሸራ አስተካክሉ፦ ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ ከታምቡሩ ኋላ ባለው ቀዳዳ የማስተካከያውን ጥርስ ጎማው እስኪከብድ አዙሩ፣ ከዚያ በቀላሉ እስኪዞር መልሱት። የሚቀጥለው በ3,000 ማይል ነው። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ባለፈ ማግስት ደግሞ የወለሉን ማዕዘኖች በእጃችሁ ዳብሱ፤ እርጥብ ካገኛችሁ ዋስትናው ሳያልፍ ፎቶ አንስታችሁ ለሻጩ ላኩ።